በአንድ አባታችን ሆይ ስንት ትርታ

ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጻፊ። እኔ ኪዳነ ወልድ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። የሚጽፈው እጅ የልጄ የአልጣሽ ነው፤ እሷ መሠረተ ትምህርት ገብታ ተምራለች። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ደብተሩ የልጇ የትሕትና ነው። አንደኛ ክፍል ገብታ አራት ገጽ ጽፋበት ቆመ። ለምን እንደ ቆመ አሁን እናገራለሁ።

ወጌሻ ነኝ። ከጓሳ ጫፍ እስከ ቀየት ድረስ እጁ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሁሉ ወደዚህ ቤት ይመጣል። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ "ኪዳነ ወልድ አጣሞ ጠገነኝ" ብሎ አያውቅም። ልጅ ሲያመጡልኝ አንድ ዘዴ አለኝ፤ "አባታችን ሆይ በል" እለዋለሁ። ጸሎቱን ሲል ሕመሙን ይረሳል። "ከክፉ ሁሉ አድነን" ላይ ሲደርስ እኔ ስቤ አግብቼ ጨርሻለሁ።

ባለፈው የሚካኤል ዕለት ትሕትና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርዳ ወደቀች። አንጓዋ ላይ ወለምታ ነበር። ደጅ ላይ ተቀምጬ፣ ጎረቤቱ ከቦን፣ እጇን ይዤ "በይ" አልኳት። ጀመረች። ጣቴ ደም ሥሯ ላይ ነው። ትርታዋ ይሮጣል፤ ደግሞ ይዘገያል፤ እንደገና ይሮጣል፤ እንደገና ይዘገያል። ዝም ስትል ረጋ አለ። "በይ" ስላት ያው ተደናቀፈ። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ምን ያስደናቅፋታል? እኔም የመሰለኝን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ "ይህች ልጅ ላይ ጸሎት የሚያስደነግጠው ነገር አድሯል።"

አባቷ አባይነህ ይህን ሲሰማ ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት አትሄድም አለ። ደግ አደረገ።

አልጣሽ እዚህ ላይ ብዕሯን አቆመች። ጻፊ አልኳት።

ኅዳር 17

ያው ነው። ጠዋትም ያው፣ ከቀትር በኋላም ያው። ጸሎት ስትጀምር ይደናቀፋል። ሌላ ጊዜ እጨምራለሁ፤ ከላሎ እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ አምጥተው ደጅ ላይ አስቀምጠውታል።

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም

አባይነህ መጣና ቆሞ ተናገረ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

"አባባ፣ በገብርኤል ማግስት ይዣት ወደ ጸበሉ እወርዳለሁ። ሁለት ሱባዔ እዚያው እናድራለን።"

"በዚህ ውርጭ? ጎሕ ሲቀድ ውኃው ላይ በረዶ ይጋገር የለም እንዴ?"

"እርስዎ አይደሉም የነገሩኝ? ጣቴ አይዋሽም ብለውኛል።"

ብያለሁ። አይዋሽም።

ጎረቤታችን ኮከቤ ከአጥሩ ማዶ ለአንዷ ሴት "እንደ ማሙሽ እንዳትሆንባቸው ብቻ" ስትል ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ማሙሽ ልጄ ነበር፤ የአልጣሽ ታናሽ። በሰባት ዓመቱ ሞተ። ጉልበቱ አብጦ ነበር፤ በቅቤ አሸሁት። ወለምታ ነበር። ወለምታ ነበር ብለሽ ጻፊ።

ኅዳር 26

የተጣመመ እጅ ሲመጣልኝ ደህናውንም እጅ አስዘርግቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አያለሁ። እንደዚያ ነው የምፈርደው። የትሕትናን ትርታ ግን ከማን ጋር አስተያየሁት? ከማንም። ይህ ሲገባኝ ዛሬ ሥራ ጀመርኩ።

አልጣሽ አባታችን ሆይን ሳትቸኩል ከጫፍ እስከ አሜን ትላለች። የሚዳሰሰው ሰው ዝም ይላል። እኔ እቆጥራለሁ፤ በጎቹ በበረቱ በር ሲገቡ ጥንድ ጥንድ አድርጌ እንደምቆጥር። አሜን ስትል ቆጠራው ያበቃል።

የእኔ ሠላሳ ሦስት። እንደ ሰጋር በቅሎ ነው፤ አንዱ እርምጃ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ይህንንም ጻፊልኝ። የአልጣሽ ሠላሳ ስድስት። አንዷን በግ ታፋዋ ውስጥ ዳስሼ አርባ ላይ ስደርስ ረገጠችኝ። ትሕትና ዝም ብላ አርባ አምስት።

የኮከቤ ጨቅላ ሦስት ወሩ ነው። ስልሳ ስምንት! ያመለጠኝም ይኖራል። ኮከቤ ፊቴን አይታ ልጇን ነጠቀችኝ።

"ምን አገኙበት?"

"ምንም። ይጋልባል።"

"ልጄን ፈረስ አደረጉት?" አለችና በሩን ዘጋችብኝ።

ታኅሣሥ 1

ሰፈሩን አዳረስኩ። ዳዴ የሚለው ሃምሳ ዘጠኝ። አራት ዓመት የሞላት፣ ስትቆጠር ያለቀሰችው፣ ሃምሳ፤ ለቅሶዋ ሲበርድ ነው የቆጠርኩት፤ እያለቀሰችማ ከጨቅላው ብሳ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ጎረምሳ ነኝ ባይ ሠላሳ ዘጠኝ። ወደ በረት ገብቼ ግልገሎቹንም ዳሰስኩ፤ እነሱም ከእናቶቻቸው ይፈጥናሉ።

ይገርማል። ትንሽ ሲሆን ይጋልባል። እያደገ ሲሄድ አንድ የሚይዘው ነገር ይመጣል። ማን ነው የሚይዘው? ከየት ነው የሚይዘው? ሌላም አየሁ፦ ትሕትናን እስከ ኮሶው ዛፍ ድረስ አስሩጫት ስትመለስ ልቧ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ ሁለት አባታችን ሆይ ሳይሞላ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ግማሹን መንገድ በእርምጃ ሄጄ አራት ፈጀብኝ። ሰባ አራት ዓመት ስኖር ይህን አለመጠየቄ!

"አባባ፣ የማሙሽስ ስንት ነበር?" አለችኝ አልጣሽ።

አልቆጠርኩም። ያኔ አልቆጠርኩም። ወደ ሌላው እለፊ።

ታኅሣሥ 3

የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ አማኑኤል ልጅ አላቸው፤ አንዷለም ይባላል፤ ስምንት ዓመቱ ነው። ዛሬ እጁን ይዤ እንደ ትሕትና ራሱ ጸሎቱን ይበል አልኩ። የቄስ ልጅ ነው፤ አሳምሮ ጀመረ። ትርታው ተደናቀፈ። ልክ እንደ እሷ! ደገምኩት። ተደናቀፈ።

ወደ አባቱ ገባሁ። "አባ፣ ቤትዎ ሰይጣን አለ" አልኳቸው።

"በየት በኩል?"

"አንዷለም ላይ።"

"እሱንማ እናቱ ከነገረችኝ ቆየች" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸውም ሳቃቸውን ተዉት። "አባባ ኪዳነ ወልድ፣ ትሕትና ላይ መንፈስ አለ ያለ ካህን አለ? እኔ አላልኩም። ጣትዎ ነው ያለው። ወይ ሰይጣኑ የእኔን ቤት ጨምሮ ሰፈሩን ወርሶታል፤ ወይ ጣትዎ ያልሰማው ነገር አለ።"

ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ለእኔ ስለ ጣቴ ይነግሩኛል!

ታኅሣሥ 5

ደረስኩበት። ሁለቱን ልጆች ፊቴ አስቀመጥኩ። ግራ እጄ ትሕትናን፣ ቀኝ እጄ አንዷለምን ይዟል። "ስምህ ይቀደስ" ይሉና ትንፋሽ ይስባሉ፤ ያኔ ትርታው ይሮጣል። "መንግሥትህ ትምጣ" ብለው ድምፁን ሲያስረዝሙ ይዘገያል። የሚደናቀፈው ሁልጊዜ ቃሉ ሲያልቅ ነው፤ ቃሉ ላይ አይደለም።

"ጸሎቱን ተዉት" አልኳቸው። "አሁን የእኔን በጎች ጥሩ፤ በዜማ።"

"ጠቦቴ ና፣ ሙክቴ ና፣ ነጯ ነይ" እያሉ ጀመሩ። ያው ተደናቀፈ። ሰይጣን ሙክት ይፈራል?

"ጉንጫችሁን ንፉና ትንፋሻችሁን ያዙ።" ያዙ። አንዷለም ዓይኑ ሊወጣ ደረሰ። ትርታቸው ሜዳ ላይ እንዳለ ፈረስ እኩል ሄደ። ሲለቁት ተመልሶ ተደናቀፈ።

ከትንፋሽ ነው! ሲስቡ ይሮጣል፤ ሲያስወጡ ይዘገያል። ጸሎቱ ያደረገው ትንፋሻቸውን ረጅም ማድረግ ብቻ ነው። አርባ ዓመት "አባታችን ሆይ በል" እያልኩ የስንቱን ልጅ እጅ ይዣለሁ፤ አጥንቱን እንጂ ይህንን አልሰማሁም።

ለምን ከትንፋሽ ጋር እንደ ተጣመረ ግን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ከቀየት መልስ

ለአባይነህ ገበያ ልወርድ ነው ብዬ ትሕትናን ፈረሱ ላይ አስቀምጬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ጤና ረዳቷ ማዕረግ የምትባል ልጅ እግር ናት። ማዳመጫውን የትሕትና ደረት ላይ አደረገች፤ ጀርባዋ ላይ አደረገች፤ ብዙ ቆየች።

"ጉልበቷ ወይም ክርኗ አብጦ ያውቃል? ትኩሳትስ?"

"የለም።"

"ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራታል?"

"ፍየል አይደርስባትም።"

"እንግዲያው ደህና ናት፣ አባባ። ልቧ ጤነኛ ነው።"

"ይደናቀፋል እኮ!"

"ስላልታመመ ነው እንደዚያ የሚሄደው" አለች። ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ከጭንቅላት ወደ ልብ የሚወርዱ ነርቮች አሉ፤ እንደ ክር የቀጠኑ። አንዱ ልብን ያስሮጣል፤ ሌላው ያዘገያል። ሕፃን ሲወለድ የሚያዘገየው ገና አልጠናም፤ ልቡ የሚጋልበው ለዚህ ነው። ዓመት በዓመት እየጠና ይሄዳል፤ ትርታውም እየቀነሰ ይሄዳል። ትንፋሽ ስንስብ ይህ የሚያዘገየው ላላ ይላል፤ ስናስወጣ መልሶ ይጠብቃል። በትሕትና ዕድሜ ደግሞ በጣት ሳይቀር ይታወቃል።

"ልጓም ነው በይኝ" አልኳት። "ውርንጭላ ልጓም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይፈረጥጣል። ሲገራ ነው ላላ ጠበቅ የሚደረግለት።"

"ልጓም ይሁንልዎ" ብላ ሳቀች።

እኔም የራሴን እጅ ዘረጋሁ። "የእኔ አይደናቀፍም። እንደ ሰጋር በቅሎ ነው። ንኪው።"

ነካችው። ሰዓቷን አየች። "እውነትም እኩል ነው" አለች። "ዕድሜ ነው፣ አባባ። የሚያዘገየው ነርቭ ሲያረጅ እንደ ልጅነቱ ጠበቅ ላላ አይልም።"

እጄን መለስኩ። ሰው ፊት የኮራሁበት እርጅናዬ ኖሯል።

ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ገባሁ። "ያ ጉልበት ያልሽው" አልኳት፤ "አብጦ ቢሆንስ?"

"ጉሮሮውን ታሞ ከርሞ፣ ትኩሳት ኖሮት፣ እብጠቱ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ከሄደ ልብ የሚጎዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይታሽም። ቶሎ ወደዚህ ነው የሚመጣው።"

"ከጉልበት ወደ ክርን ቢሄድ?"

"አዎ፣ እንደዚያ። ማን አሞት ነው?"

"ማንም።"

አልጣሽ ቀና ብላ እያየችኝ ነው። ምን ታዪኛለሽ፤ ጻፊ እንጂ።

ታኅሣሥ 14

አልተናገርኩም። ምክንያት አለኝ። ወጌሻ ቃሉን ካጠፈ ማን ነው የተሰበረ እጁን የሚሰጠው? "ዛሬ ወለቀ ይለኛል፤ በሳምንቱ አልወለቀም ይለኛል" ይላሉ። አባይነህ በሶውን አስፈጭቶ በስልቻ አስቀምጧል። ትሕትና በጣቷ እየቀመሰችው ትዞራለች፤ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ መስሏታል።

ታኅሣሥ 16

ሁለት ሰው ጠገንኩ። አንዱ ትከሻ፣ አንዱ ቁርጭምጭሚት። ሁለቱም ልክ ገቡ። እጄ ስቶ አያውቅም።

"አባባ፣ ይህንን ልጽፈው ነው?" አለች አልጣሽ።

ጻፊው።

"ሰኞ ይወስዳታል።"

ሰኞ መቼ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቅጥር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሊሞቅ ተቀምጦ ሳለ ተነሣሁ። ዱላዬን ተመርኩዤ፣ አባይነህ እንዲሰማኝ ወደ እሱ ዞሬ ተናገርኩ። ትሕትና ላይ ምንም የለም፤ ትርታዋ የሚደናቀፈው ከትንፋሽዋ ጋር ነው፤ የሁሉም ልጅ እንደዚያ ነው፤ የተናገርኩት ስሕተት ነበር አልኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ስላት ምላሴ ከበደኝ።

ከኋላ አንዱ "ታዲያ የእኔን እግር በየትኛው ቃልዎ ነው የጠገኑት? በፊተኛው ወይስ በኋለኛው?" አለ። ሳቁ። ይሳቁ።

አባይነህ ግን አልሳቀም። "አባባ፣ በአንድ ወር ሁለት ነገር ነገሩኝ። የቱን ልመን? ሳልወስዳት ቀርቼ ብትሞትብኝስ?"

 

"ማሙሽን ያሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጉልበቱ አበጠ፤ አሸሁት። በሦስተኛው ቀን ክርኑ አበጠ፤ ክርኑንም አሸሁት። በትኩሳት እየነደደ። ወለምታ ከጉልበት ተነሥቶ ወደ ክርን አይሄድም፤ ይህን ለማወቅ ክሊኒክ አያስፈልግም፤ ወጌሻ ያውቀዋል። ያኔም ጣቴ አይዋሽም ብዬ ነበር። ወለምታ አልነበረም።"

ቄስ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን እንደ ያዙ ተነሡና "አባይነህ፣ ጸበሉን እኔ ራሴ ቤቷ ድረስ አመጣላታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች። አንተ ትምህርቷን አስተምራት" አሉ። አባይነህ ልጁን ትከሻው ላይ አወጣትና ሄደ። በቤቱ መንገድ ነው የሄደው።

ይህን ሳስጽፍ አልጣሽን ዛሬስ ቀና ብለሽ አላየሽኝም አልኳት። "ክርኑን እንዳሹት አውቃለሁ" አለች። "ቅቤውን የያዝኩልዎ እኔ ነኝ።"

አሥር ዓመቷ ነበር። ረስቼው ነበር። እሷ ግን ይህን ሁሉ ወር "ወለምታ ነበር" ስላት ዝም ብላ ጻፈች።

ታኅሣሥ 21

ትሕትና ትናንት ትምህርት ቤት ገባች። ዛሬ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። አግዳሚው ለሦስት ልጅ ነው፤ ስትቀመጥ ሁለቱ ልጆች ተነሥተው ሌላ ቦታ ተጨናንቀው ተቀመጡ። "የልብ ሰይጣን ይጋባል" ብለዋታል።

ማን ነገራቸው? እኔ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ቃሌን ሳጥፍ የሰሙኝ ትላልቆቹ ናቸው፤ ልጆቹ ከግንቡ ውጭ ይጫወቱ ነበር።

ታኅሣሥ 22

እጇን ይዤ ሄድኩ። ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዘረጋሁት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ታሪኩ ይባላል፤ እናቱን ክንዷን ጠግኜላታለሁ።

"አባባ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ልማር ነው።"

ምን ያድርግ? ወደ ሰሌዳው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ በዱላው አንዱን ፊደል ነካና "አባባስ፣ ይህ ማን ይባላል?" አለኝ።

"አላውቀውም።"

"ለ ነው" አለችኝ ትሕትና በሹክሹክታ። ዝም በይ፤ ራሴ እደርስበታለሁ አልኳት። አልደረስኩበትም።

ታኅሣሥ 23

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከሩቅ ቆመው ያዩኛል። አንዱን ደፋር ጠራሁና "ና፤ የጓደኛህን አንጓ ያዝ፤ እዚህ ጋ። አገኘኸው?" አልኩት።

"ይዘላል!"

"በል አንተ ደግሞ ትንፋሽህን በረጅሙ ሳብ። ቀስ ብለህ ልቀቅ። ምን አደረገ?"

"ሮጠ! አሁን ደግሞ... ቀስ አለ!"

ከዚያ ማን ይያዛቸው። እርስ በእርሳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው "እኔም አለብኝ!" "እኔም!" "የእኔ ከአንተ ይበልጣል!" እያሉ ተራኮቱ። አንዱ የእሱ እንደማይደናቀፍ ሲያውቅ ሊያለቅስ ደረሰ። ትንፋሹን እየያዘ ኖሯል፤ ሲለቀው ተደናቀፈለት። መምህር ታሪኩም መጥቶ "የእኔን ይንኩልኝ" አለኝ። የእሱ የሚደናቀፈው ትንሽ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ታኅሣሥ 24

ዛሬም ቀድሜ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደወሉ ሳይደወል አንዲት ልጅ ደብተሯን በብብቷ ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። የኮከቤ ትልቋ ልጅ ናት፤ መስታወት።

"አባባ፣ ይነሡልኝ።"

"ለምን እነሣለሁ?"

"ቦታዬ ነው።"

"ትናንት የት ነበርሽ ታዲያ?"

"ትናንት ሌላ ነው። ይነሡ አልኩ እኮ፤ መምህር ሊመጡ ነው።"

ትሕትና ወደ መስኮቱ ዞራ ትስቃለች። ልነሣ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ሁለቱ አንድ አንድ እጄን ይዘው ሳቡኝ።